የሚሰበር የሌለበት ክፍል

«ክፍሎቹን ቶሎ ቶሎ ቆልፉ፤ የኢናስ ልጅ መጣች!»

ኢናስ ይህን የሰማችው አማቷ ቤት በር ላይ ቆማ፣ መጥሪያውን ገና ሳትጫን ነው። ድምፁ የባሏ ወንድም ሚስት የሀያም ነበር። በረንዳ ላይ ሆና ከላይ አይታቸው መሆን አለበት። ወዲያው የቁልፍ ድምፅ ተከታተለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሊፍቱ ከዒድ ወዲህ ስላልሠራ አምስቱን ፎቅ በእግሯ ወጥታ ላቧ ጀርባዋ ላይ ይወርዳል፤ አሁን ደግሞ ፊቷ ጋለ። ዝቅ ብላ ልጇን አየች። ቶቃ ስምንት ዓመቷ ነው። እሷም ሰምታለች፤ ግን ቅር ያላት አትመስልም። ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠግታ ስታዳምጥ ቆየችና፣ «እማ፣ ሦስተኛው ቁልፍ ዝጓል፤ ዘይት ይፈልጋል» አለች።

ቶቃ ሌባ አይደለችም። ሌባ ብትሆን ለኢናስ ይቀላት ነበር፤ ሌባ ቢያንስ የሰው መሆኑን አውቆ ነው የሚወስደው። ቶቃ ግን «ይሄ የማነው?» የሚባል ጥያቄ ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ለእሷ ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው፤ እጇ የሚደርስበትና የማይደርስበት። የጎረቤቱን የዲሽ ገመድ ኳስ ሊጀምር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ቆርጣ መዝለያ አድርጋዋለች፤ ያን ቀን ሕንፃው በሙሉ በራቸው ላይ ተሰልፎ ነበር። የመምህሯን ጃንጥላ እንዴት እንደሚከፈት ለማየት ብላ አጥንቱን አስቀርታለች። የሀያምን አዲስ ስልክ ውሃ ውስጥ ያበራ እንደሆነ ለማወቅ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነከረችው። አበራ፤ ለትንሽ ጊዜ። ኢናስ መክራለች፣ ለምናለች፣ ከረሜላ ቃል ገብታለች፣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃም መትታታለች፤ ሼኹ ዘንድ ወስዳ ቁርኣን የተቀራበት ውሃ አጠጥታታለች። ልጅቱ ውሃውን ጠጥታ ስታበቃ የሼኹን መቁጠሪያ ፈትታ ዶቃዎቹን በመልክ በመልካቸው ለየቻቸው።

ይሄ ሁሉ ቢሆንም ዛሬ ዓርብ ነው፤ እሁድ ደግሞ ኢናስ ሥራ ትጀምራለች። ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለው የተማሪ ዩኒፎርም መስፊያ ቤት ኮሌታ ቆራጭ ይፈልጋል፤ በወር አራት ሺህ ጊኔ። ባሏ ሳብሪ ዳቦ ቤት ሠርቶ የሚያመጣው ለቤት ኪራይና ለመብራት ቆጣሪው ነው የሚሆነው፤ የቀረውን አላህ ያውቃል። የመስፊያ ቤቱ ባለቤት፣ «እሁድ ካልመጣሽ በር ላይ የቆሙ ሦስት ሴቶች አሉኝ» ብላ ቁርጡን ነግራታለች። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ቶቃን ቀን ቀን የሚይዝላት ሰው ፈልጋ ሦስት ጎረቤት ጠየቀች፤ ሦስቱም ፈገግ እያሉ እምቢ አሏት። የቀሩት አማቷ ሐጃ ቡሰይና ናቸው። እሳቸውም ቢሆኑ፣ «ዓርብ ከጧት አምጫትና ልያት። የማንንም ዕቃ ሳትነካ ከዋለች እይዝልሻለሁ፤ ከነካች ግን ሁለተኛ እንዳታነሽብኝ» ነው ያሏት።

በሩ ተከፈተ። ሀያም እንዳልሰማች ሆና ጉንጭ ለጉንጭ ሳመቻት፤ ኢናስም እንዳልሰማች ሆና ሳመቻት። ስለ ሙቀቱ ተወራ። ሥጋ ኪሎው አራት መቶ ጊኔ መግባቱ፣ ቲማቲም የዕብደት ዋጋ ማውጣቱ፣ ከታች ያለው ባለ ሱቅ ሚዛኑ ላይ ጣቱን ማሳረፉ ተወራ። ሐጃ ቡሰይና ኮሪደሩ ላይ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ቶቃን ከእግር እስከ ራሷ መረመሯት። ሳሎኑ ተቆልፏል። የሐጃ መኝታ ቤት ተቆልፏል። ሀያምና ባሏ ሲመጡ የሚያርፉበትም ተቆልፏል። ኮሪደሩ ላይ እንዳትቀመጥ ስልክ አለ፣ ቆጣሪ አለ፣ የሐጃ መድኃኒት አለ። ወጥ ቤት እንዳትገባ ቢላዋና ጋዝ አለ።

«እንግዲያው ኢንሺራሕ ክፍል ትቀመጥ» አሉ ሐጃ። «እዚያ የሚሰበር የለም።»

ኢንሺራሕ ወጥ ቤቱ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ ለወጥ የሚሆን ሙሉኪያ ትሸመጥጣለች። ቅጠሉን ከግንዱ እየለየች ወደ ሳፋው ትጥላለች። የሐጃ የመጀመሪያ ልጅ፣ የሳብሪ ታላቅ እህት ናት፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ፤ አላገባችም። በዚያ ቤት ስለ እሷ ሲወራ «ኢንሺራሕ ታመጣዋለች»፣ «ኢንሺራሕ ትቆያለች»፣ «ለኢንሺራሕ ስጧት» ነው የሚባለው፤ «ኢንሺራሕ ምን ትላለች?» ያለ ሰው ኢናስ አታስታውስም። የእናቷን ቃል ስትሰማ ቀና አለች። አንድ ነገር ልትል ይመስል ከንፈሯ ተላቀቀና ተመልሳ ወደ ቅጠሏ አቀረቀረች። ኢናስም አላቆመቻትም። ልጇን ክንዷን ይዛ ወደዚያች ጠባብ ክፍል አስገባቻት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ ወደ ሕንፃው የአየር ጉድጓድ የሚያይ አንድ መስኮት። በቀንም ጨለማ ናት። «ቶቃ፣ በናትሽ። ዛሬን ብቻ» አለቻት። ቶቃ ራሷን ነቀነቀች፤ ዓይኗ ግን አልጋው ሥር ነበር።

ወጥ ቤት ውስጥ ሩዝ በወይን ቅጠል መጠቅለል ተጀመረ። ሦስት ሴቶች ጣቶቻቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ማራገቢያው ሙቅ አየር እያዞረ፣ ወሬው ከአንዷ ዘመድ ፍቺ ወደ ሌላዋ ዘመድ ኩላሊት እየሄደ አንድ ሰዓት አለፈ። ከኢንሺራሕ ክፍል ኮሽታ የለም። ማንም እናት የልጇን ጩኸት ትለምደዋለች፤ ኢናስን የሚያስፈራት ግን የቶቃ ዝምታ ነው። ሁለቴ ልትነሳ ስትል ሐጃ፣ «ተያት! እኔ ልያት አልኩ እንጂ አንቺ እያት አልኩ?» አሏት። ሀያም ደግሞ የወይን ቅጠሏን እየጠቀለለች፣ «ዛሬስ መላእክት ወርደውላታል መሰለኝ» አለች። ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ የዓርብ ስብከት ይሰማ ጀመር። ስብከቱ አልቆ ሰላት ሲጀመር ኢናስ መቀመጥ አቃታት። እጇን በጨርቅ ጠርጋ ሄዳ በሩን ገፋ አደረገችው።

መጀመሪያ ያየችው ብርሃን ነው። በቀን ውስጥ ለግማሽ ሰዓት፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ያን የአየር ጉድጓድ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብላ ትገባበታለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ ገብታ ነበር። መስኮቱ ደፍ ላይ ሃያ አራት ባለ ወርቅ ጠርዝ የሻይ ብርጭቆዎች ተሰልፈዋል። አልጋው በወርቅ ክር የተጠለፈ ነጭ የገበታ ጨርቅ ለብሷል፤ በላዩ ትልልቅ ሳህን፣ በትልልቁ ላይ መካከለኛ፣ በመካከለኛው ላይ ትንሽ፣ ሁሉም ጠርዛቸው ላይ ሮዝ አበባ ያለባቸው፣ ለዐሥራ ሁለት ሰው ተደርድረዋል። የቡና ስኒዎች ወንበሩ ላይ ክብ ሠርተዋል። የጭማቂ ብርጭቆዎች ከበሩ እስከ አልጋው ወለሉ ላይ መንገድ ሆነዋል። ማንኪያና ሹካው ገና ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ጣሪያው ላይ ሳይቀር ወጥቷል። ከዚህ ሁሉ መካከል ቶቃ ላባ ያለበት ነጭ የሙሽራ ነጠላ ጫማ አጥልቃ ቆማለች። ከጥግ የተቀዳደደ ካርቶን፣ ዕቃው ተጠቅልሎበት የነበረ አሮጌ ጋዜጣ፣ የተቆረጠ ሲባጎ፣ የሐጃ የጨርቅ መቀስ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ለሁለት የተሰበረ የሴራሚክ የሾርባ ድስት ክዳን።

ኢናስ «አለቀልኝ» አለች በልቧ። ግን ወዲያው መፍራቷን ረሳችው። እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም፤ በሰርጓ ቀን እንኳ፣ የራሷ ዕቃ በክፍት መኪና ተጭኖ በሹብራ ሰፈር መንገድ እየተጨበጨበለት ሲያልፍ እንኳ፣ እንዲህ አላስደነቃትም። ልጄ ናት ይሄን ያደረገችው? እነዚያ ጃንጥላ የሚገነጥሉ ጣቶች? ከመቶ በላይ ዕቃ አውጥታ፣ አብሳ፣ በየዓይነቱ ደርድራ የሰበረችው አንድ ክዳን ብቻ ነው። ቆይታ ወደ ልቧ ስትመለስ ተንበርክካ ጋዜጣዎቹን ለመሰብሰብ ሞከረች፤ ማንም ሳያይ መልሳ ልትጠቀልልባቸው። ጋዜጣው እጇ ላይ እንደ ደረቀ ቅጠል ተፈረፈረ። ቀና ስትል ሐጃ ቡሰይና በሩ ላይ ነበሩ።

አልጮሁም። ግድግዳውን ተደግፈው ገቡና በብርጭቆዎቹ መንገድ ዳር ዳር እየተራመዱ አልጋው ጋ ደረሱ። የኢንሺራሕ የሙሽራ ዕቃ ነበር። እናት ለሴት ልጇ ከልጅነቷ ጀምራ አንድ በአንድ ትገዛለች፣ ትጠቀልላለች፣ አልጋ ሥር ታስገባለች፤ ሰርጉ ሳይደርስ የከፈተው ደግሞ የልጅቱን ዕድል ዘጋ ማለት ነው። የኢንሺራሕ ሰርግ አልደረሰም። አንዱ እጮኛ ኩዌት ሄዶ እዚያው ቀረ፤ የሁለተኛው ቤተሰቦች ፍሪጁን ማን ይግዛ በሚል ተጣልተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። «እንግዲህ ይከፈት» ማለት «እንግዲህ አታገባም» ማለት ስለሆነ፣ ያንን ቃል በዚያ ቤት ማንም ደፍሮ አላወጣውም።

«ይሄን በአርባ ሁለት ጊኔ ነው የገዛሁት» አሉ ሐጃ፤ አንዱን ሳህን በጣታቸው ጫፍ እየነኩ። «ቀረጥ ወደሌለበት ወደብ፣ ፖርት ሰዒድ ድረስ ሄጄ። ኢንሺራሕ ያኔ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ብርጭቆዎቹን ቀሚሴ ሥር ወገቤ ላይ አስሬ ነው ከጉምሩክ ያለፍኩት፤ ያ ቦርጫም ፈታሽ 'እርጉዝ ነሽ እንዴ እናቴ?' ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ።» ሊስቁ ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። «ይሄንን ጨርቅ ደግሞ... ይሄን ገዝቼ ነበር እንዴ? ረስቼዋለሁ እኮ።»

ሀያም ከኋላ መጥታ፣ «ወይኔ ጉዴ! አላልኩም? እኔ አላልኩም?» አለች። ከዚያ ግን እሷም እጇን አፏ ላይ አድርጋ እንደ ሌሎቹ ትመለከት ጀመር።

ከዚያ ኢንሺራሕ መጣች። ጣቶቿ በሙሉኪያ አረንጓዴ ሆነዋል። ሁሉም መንገድ ለቀቁላት። ኢናስ ያኔ ነው አንድ ነገር የገባት፤ ኢንሺራሕ ራሷም ይሄን ዕቃ አይታው አታውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ ከላዩ ተኝታበታለች፤ አቧራውን ጠርጋለች፤ ካርቶኑን በመጥረጊያ እንጨት ገፋ አድርጋ ወለሉን ወልውላለች፤ ውስጡን ግን አላየችም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ እንደገና ጠርጋ፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ አነሳችና ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ፊቷ ላይ የነበረውን ኢናስ በቃል መናገር አትችልም፤ ሰው ትልቅ ነገር ፊት ሲቆም እንደሚሆነው ነበር የሆነችው። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጣ የቶቃን ጆሮ ያዘች።

«ማነው ክፈቺ ያለሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ከፈትሽው?»

«ምን እንዳለበት ልይ ብዬ።»

«የማን መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«የማንም አይደለም» አለች ቶቃ፤ ጆሮዋ ተይዞም ቢሆን በእርግጠኝነት። «አቧራ አለበት።»

ኢናስ ዓይኗን ጨፈነች። ኢንሺራሕ ግን ጆሮውን ለቀቀችው። «የኔ ነው» አለች። ቀስ ብላ ነበር ያለችው። ከዚያ ዞር ብላ ሳህኖቹን፣ ብርጭቆዎቹን፣ እናቷን ሁሉ አየችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። «የኔ ነው። ሁሉም።» ክዳኑ የተሰበረውን የሾርባ ድስት በሁለት እጇ አንስታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ሁሉም ተከተሏት። ምድጃው ላይ ያለውን ሙሉኪያ ገልብጣ ልትጨምርበት ስትል ሐጃ ደንግጠው፣ «ኧረ ይበልዛል፣ ልጄ! ለሙሽራ የተገዛ ነው» አሉ።

«ሙሽራዋ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ እማ።»

ሙሉኪያውን ገለበጠችው።

ወንዶቹ ከመስጊድ ሲመለሱ ሳሎኑ ተከፍቶ፣ ጨርቁ ተነጥፎ፣ ገበታው ከዳር እስከ ዳር እያብረቀረቀ ጠበቃቸው። ሳብሪ ገና ጫማውን እያወለቀ፣ «ሰርግ አለ እንዴ?» አለና የእናቱ ዓይን ፊቱ ላይ ሲያርፍ ቀሪውን ዋጠው። እህቱ ከገበታው ራስ፣ አባቱ ከሞቱ ወዲህ ማንም ያልተቀመጠበት ቦታ ላይ ተቀምጣለች። በሉ። እንደ እንግዳ ነው የበሉት፤ ብርጭቆውን በሁለት እጅ ይዘው፣ ማንኪያው ሳህኑን እንዳይነካው እየተጠነቀቁ። ሌላ ጊዜ በዚህ ገበታ ላይ የሚደረገው የዋጋ ወሬና የሰፈር ሐሜት ጠፋ። ሳብሪ ሳህኑን ገልብጦ ሥሩ ያለውን ማኅተም አይቶ መለሰው። ቶቃ ሁለት ጊዜ አስጨመረች። ኢንሺራሕ በልታ ስትጨርስ በባዶው ሳህን ላይ የወጣውን ሮዝ አበባ በጣቷ ዙሪያውን ተከተለችው። ኢናስ ይህን ሁሉ እያየች ልጇን መውደድ ይሁን መፍራት ያለባት አላወቀችም። የማያውቁት ሰው ከቤታቸው ሲበቅል የሚሰማ ዓይነት ነገር ተሰማት።

ገበታው ሲነሳ ግን ሐጃ ቡሰይና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኢናስ፣ ልጄ፣ አትቀየሚኝ» አሉ። «ዛሬ አላህ አተረፈን። ነገ ጋዙን ትከፍታለች። ልቤን ታውቂዋለሽ፤ አልችላትም። ቃሌ ቃል ነው።»

«እውነትዎን ነው፣ ሐጃ» አለች ኢናስ። ሌላ ምን ትላለች? ቶቃ ነክታለች፤ ያውም እንዲህ አድርጋ። እሁድ ጧት ከሦስቱ ሴቶች አንዷ በእሷ መቀስ ኮሌታ ትቆርጣለች። ሳብሪ መሬት መሬት ያያል። ቦርሳዋን ፈለገች፣ የቶቃን ጫማ ፈለገች፣ እንባዋን ላለማሳየት ቶሎ ቶሎ አጎነበሰች።

«እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ኢናስ መጀመሪያ ማን እንደተናገረ አላወቀችም። ኢንሺራሕ ነበረች። ሻይ ቀድታ፣ ብርጭቆውን ከንፈሯ ጋ ሳታደርስ ይዛዋለች።

«ምን አልሽ፣ እትዬ?»

«እማ ጧት ሐኪም ቤት ናት፣ ከሰዓት ትተኛለች። ቀኑን ሙሉ እዚህ ቤት ያለሁት እኔ ነኝ። ልጅቷን የማበላት እኔ፣ የማጥባት እኔ፣ ከኋላዋ የምሮጥ እኔ ነበርኩ። ሳምንት ሙሉ መጥተሽ ስትለምኚ አጠገባችሁ ተቀምጬ ነበር። የለመንሽው ግን እማን ነው።» አልተቆጣችም፤ እንደ ገበያ ዋጋ ነው የተናገረችው። «እናትና ልጅ አንድ ናችሁ። እሷ ሳጥኔን ሳትጠይቀኝ ወሰደች፤ አንቺ ቀኔን።»

ኢናስ የቶቃን ጫማ እንደያዘች ቀረች። ይህን ልጅ የሰው ዕቃ እንዳትነካ ስትመክር፣ ስትገርፍ፣ ሼኽ ቤት ስትወስድ ስንት ዓመቷ ነው። የራሷን እጅ አንድ ቀን አላየችውም። ኢንሺራሕን እንደ ቤቱ ወንበር፣ እንደ ሐጃ ንብረት ነበር የቆጠረቻት፤ ባለቤቷን ካስፈቀዱ የሚወሰድ። እፍረቱ ከእግሯ ጀምሮ ወጣባት። ጫማውን መሬት ላይ አስቀምጣ ሄደችና ፊት ለፊቷ ቆመች።

«እትዬ ኢንሺራሕ» አለች። «አጥፍቻለሁ። ልጄን ትይዥልኛለሽ? እምቢ ብትይኝም አልቀየምሽም።»

«ላስብበት» አለች ኢንሺራሕ።

በዚያ ቤት ኢንሺራሕ አንድ ነገር ላስብበት ስትል ማንም ሰምቶ አያውቅም። ሻይዋን ጠጣች። ፉት ትላለች፣ ብርጭቆውን ታወርዳለች፣ የወርቅ ጠርዙን ታየዋለች፣ እንደገና ፉት ትላለች። ማንም አላቻኮላትም፤ ማንም አልተነሳም። ሀያም ፊቷን በእጇ ማራገቧን አቆመች። ቶቃ ሳትቀር፣ ያቺ አንድ ደቂቃ ማረፍ የማታውቅ ልጅ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አክስቷን በዓይኗ ትከተላለች። ብርጭቆው ተጨልጦ ስኳሩ ከሥር እስኪቀር ድረስ ያ ሁሉ ሰው በአንዲት ሴት አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቀ።

«እሁድ በስንት ሰዓት ነው የምታመጫት?» አለች።